ሰርዶው ምን አጠፋ?

ሰሞኑን በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመው የግቢ ሣር ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ደረሰ ብቻ አይደለም፣ ሦስቴ ደረሰ። መጀመሪያ እህቴ ላከችልኝ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ፣ "ይሄን አንብብና ያንን ግቢህን አንድ በለው" ከሚል መልእክት ጋር። አክስቴ ግቢዬን ያየችው በጥር ነው። በጥር ደሴ ላይ የማን ግቢ ያምራል? ግን አክስት ናት፣ ምን ይባላል። አነበብኩት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሣራችሁ እዚህም እዚያም መላጣ ካወጣ ጥፋቱ የሣሩ ነው ይላል፤ ሰርዶ የእርሻ አረም እንጂ የግቢ ሣር አይደለም። ስለዚህ በዶማ ቆፍራችሁ አውጡትና ከውጭ የሚመጣውን የራይግራስ ዘር ዝሩ። መዝራት ያለባችሁ በመስከረም ነው። ውሃ ጠዋትና ማታ፣ ዓመቱን ሙሉ። መላጣው ላይ እፍኝ ዩሪያ። አጨዳ በወር አንዴ፣ እስከ አፈሩ ድረስ፣ ቶሎ እንዳያድግባችሁ። ይሄ ሁሉ ከከበዳችሁ ደግሞ ሊሾ አድርጉትና ተገላገሉ። ይኸው ነው።

ጸሐፊው ክፉ አልጻፉም። ቋንቋቸው ይጥማል። ሰው ግቢውን እንዲወድ ነው የሚገፋፉት፣ ያም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ምክሩ ከሌላ አገር እንዳለ የተቀዳ ነው። የወሎን ክረምት፣ የወሎን ቧንቧ፣ የወሎን በግ አያውቅም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ጽሑፉን ሁለቴ ፈልጌ አንድ ጥያቄ ማጣቴ ነው። ቦታው ለምን ተላጨ?

እኔ ግቢ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ሣር አለ። አምና አራት ቦታ ላይ መላጣ አወጣ። አንዱ ከበር ወደ ኩሽና የሚወስደው መስመር ነው። ሁለተኛው በጎረቤት ባህር ዛፍ ጥላ ሥር። ሦስተኛው ቧንቧው አጠገብ፣ የልብስ እጣቢና የከሰል አመድ የሚደፋበት። አራተኛው በግ የታሰረበት። የእኔ በግ እንኳ አይደለም። በእኛ ሰፈር የአረፋውም የፋሲካውም በግ እኔ ግቢ ነው የሚታሰረው፣ "አንተ ጋ ሣር አለ" እየተባለ። በዓሉ ሲያልፍ ግን ሣሩ አይኖርም፣ ችካሉ ብቻ ይቀራል።

አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ለምለም የሆነበት ቦታ ላይ ስጫነው እስከ እጀታው ገባ። በኩሽናው መንገድ ላይ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቀጥ አለ። መዳፌን እስኪያመኝ ገፋሁት፣ አልሄደም። አፈሩ ተረግጦ ተረግጦ ጡብ ሆኗል። እዚያ ውስጥ አየርም ውሃም አይገባም፣ ሥርም አይሄድም። ባህር ዛፉ ሥር ደግሞ አፈሩ ልል ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ዛፉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐዩን ይጋርዳል፣ ቅጠሉም የሚያራግፈው ነገር ሌላውን ተክል አያስበቅልም። ቧንቧው ጋ አመዱና ሳሙናው አፈሩን አበላሽቶታል። የበጉ ቦታ የተቃጠለው በሽንቱ ነው። አንድ ግቢ፣ አራት መላጣ፣ አራት የተለያየ ምክንያት።

እስቲ አሁን ራይግራሱን አምጡና እነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ዝሩት። መንገዱ ላይ ሰው ይረግጠዋል። ዛፉ ሥር ይጠማል። ቧንቧው ጋ በእጣቢው ይቃጠላል። የበጉ ቦታ ላይ እስከሚቀጥለው በዓል ይቆያል። ዘሩ ምንም አላጠፋም፣ ሰርዶውም ምንም አላጠፋም።

ወደ ሰርዶው እንምጣ፣ በጣም የተሰደበው እሱ ስለሆነ። አህያ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" አለች ይባላል። ተረቱ የተተረተው በራስ ወዳድ ሰው ላይ ነው፣ ግን ለአህያ የዓለም ሁሉ መጨረሻ ሰርዶ እንደሆነም ያሳያል። ጸሐፊው "የእርሻ አረም" ያሉት ይሄ ሣር ሳይንሳዊ ስሙ ሳይኖደን ዳክታይሎን ነው። ውጭ አገር ቤርሙዳ ሣር ይሉታል። ሞቃት በሆኑ አገሮች የኳስ ሜዳና የጎልፍ ሜዳ የሚለብሰው እሱና ዲቃሎቹ ናቸው። ዘሩን በከረጢት አሽገው ይሸጡታል። እኛ ከአጥር ሥር የምንነቅለውን ማለት ነው።

ሰርዶ ለመላጣ ግቢ የሚመችበት ምክንያት አለው። ይሳባል። ከመሬት በላይ አንድ ሐረግ ይሰዳል፣ ከመሬት በታች ሌላ፣ በየአንጓው ሥር ይጥላል። ጎኑ ባዶ ከሆነ ራሱ ሄዶ ይሞላዋል። ራይግራስ እንዲህ አያደርግም። ባለበት ችፍግ ብሎ ይቆማል እንጂ አይሳብም። አንድ እግር ከሞተ ቦታው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ እንደገና ዘር ግዙ ማለት ነው። መላጣን ለማዳን የተመረጠው ሣር መላጣን መሙላት የማይችለው ሆነ።

"በዶማ ቆፍራችሁ አውጡት" የሚለውን ደግሞ ለተሁለደሬው የአጎቴ ልጅ አነበብኩለት። ገበሬ ነው። ሳቀ። እሱ በየዓመቱ ከማሳው ሰርዶ ሲለቅም ነው የሚኖረው። ለቅሞ መንገድ ዳር ይጥለዋል፣ ዝናብ ሲመጣ መንገድ ዳሩ ላይ ይበቅላል። ሰርዶን በዶማ ስትቆራርጡት አልገደላችሁትም፣ አባዛችሁት። እያንዳንዱ አንጓ ያለው ቁራጭ አዲስ ሣር ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ ራይግራስ ትዘራላችሁ፣ በሁለተኛው ወር ሰርዶው በመካከሉ አንገቱን ቀና አድርጎ "እንዴት ናችሁ" ይላችኋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ። ራይግራስ ቶሎ ይበቅላል፣ ይሄ እውነት ነው። ሙቀትና እርጥበት ከተመቸው ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። የሰርዶ ዘር ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። ራይግራስ ብርድ የሚወድ ሣር ስለሆነ ደሴ ላይ፣ ውሃ ላለው ሰው፣ ላይከፋም ይችላል። ሰርዶ ደግሞ ጥላ አይወድም። ከጎኑ የጎመን መደብ ካላችሁም ገብቶ ይወርሰዋል። እኔ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ ብሎኬት አቁሜያለሁ፣ ያም ሆኖ አንዳንዴ ሾልኮ አገኘዋለሁ። ይሄን አልክድም። (በነገራችን ላይ ራይግራስና እንክርዳድ የሥጋ ዘመድ ናቸው። እንክርዳድ የገባበት እንጀራ በልቶ ዞሮበት የሚያውቅ ሰው ካለ ዘመዱን በብር እየገዛ መሆኑን ይወቅ።)

ግን ጽሑፉ "ለወሎ ግቢ" ብሎ አንድ ሣር ማዘዙ ራሱ ችግር አለበት። ወሎ የቱ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ትነዱና ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሰርዶውን ያቀላዋል፣ ጭድ ያስመስለዋል። አክስቴ ያየችው ይሄን ነው። እሷ ጋ በዚያው ወር ሰርዶው አረንጓዴ ነው። ራይግራሱን ግን እሷ ግቢ ብትዘሩት በጋው ሙቀት ላይ ያልቃል።

የቀላውን ሣር "ሞቷል" ማለትም የጽሑፉ አንዱ ስህተት ነው። መሞቱን ማወቅ ቀላል ነው። ጠጉሩን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ከቀረ ሞቷል። ከያዘ፣ ሥር ሥሩን ስታዩትም ነጣ ያለ ወይ አረንጓዴ ነገር ካለው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ይነሳል። በጥር ቆፍራችሁ ብትጥሉት የተኛ ሰው ቀበራችሁ ማለት ነው።

መስከረም። ይሄኛው ነው በጣም ያናደደኝ። ጸሐፊው "ባለሙያዎች ሁሉ ሴፕቴምበር ይላሉ" ብለዋል። ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ግን የሚሉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ በሴፕቴምበር የበጋው ቃጠሎ ያልፋል፣ አፈሩ ገና ሞቅ እንዳለ ነው፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ይመጣል። ለራይግራስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እኛ ጋ በመስከረም ምን ይሆናል? አደይ ይፈነዳል፣ ዝናቡ ይሰናበታል። ከፊታችሁ ያለው ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ነው። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ይዛችሁ ደረቁና ውርጩ ውስጥ ትገባላችሁ። ወሩ ተቀዳ፣ ወቅቱ ግን እዚያው ቀረ።

ወሎ ሁለት ዝናብ አላት፣ በልግና ክረምት። በልጉ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ያታልላል፤ ገበሬው እንኳ አያምነውም። ስለዚህ የእኔ ቀን ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከተደላደለና መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ። ዘር ከሆነ ተዳፋት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የደሴ ግቢ ደግሞ ተዳፋት ያልሆነ የቱ ነው? ስለዚህ ዘር አልዘራም። ችግኝ ነው የማደርገው፣ ያውም በነፃ።

አምና ያደረግኩት እንዲህ ነው። መላጣውን ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሬ አለሰለስኩት። የበጉን ቦታ የላይኛውን አፈር ገፍፌ ጣልኩና በሌላ ቀየርኩት። የበሰለ ፍግ በወንፊት ነፍቼ ቀላቀልኩበት። ከዚያ ከአጥሩ ሥር፣ ማንም ከማይፈልገው ቦታ፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው የሰርዶ ሐረግ ቆረጥኩ። እንደ ሽንኩርት ችግኝ በመስመር፣ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተውኩ ተከልኩት። አንጓው አፈር ውስጥ፣ ጫፉ ውጭ። በእግሬ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ረገጥኩት፣ አፈሩ ካልያዘው ይደርቃላ። ላዩ ላይ ስስ ጭድ በተንኩ። ልጄ "አባዬ ሣር ትተክላለህ እንዴ? ሣር ይተከላል?" ብላ ስቃብኛለች። ለመስከረም መላጣው ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ዶሮ ያላችሁ ጭዱ ላይ እሾህ ጣል ጣል አድርጉበት። ካልሆነ በአንድ ቀን ጫጭረው ይጨርሱታል።

ውሃውን በቁጥር እንየው። የቆመ ሣር ዝናብ በሌለበት ወቅት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይ ከተባለ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። የእኔ 40 ካሬ በሳምንት 1,000 ሊትር ጠጣ ማለት ነው። አምስት በርሜል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አምስት በርሜል ውሃ ሣር ላይ ደፍቼ ሚስቴ ጄሪካን ይዛ ስትሰለፍ ልያት? ኧረ ወዲያ።

ደግሞስ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሣሩን ያሰንፈዋል። ውሃው ላይ ላዩን ስለሚቀር ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል። አንድ ሳምንት ውሃ ሲጠፋ ያልቅለታል። ማጠጣት ካለባችሁ አልፎ አልፎ፣ ግን እስኪጠግብ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል። አዲስ የተዘራ ዘር ወይም አዲስ ችግኝ ብቻ ነው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚፈልገው፣ እስኪይዝ ድረስ፤ በዚህ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ለዚህም ነው ሐምሌን የምወደው፣ ማጠጣቱን ሰማይ ይሠራልኛል። ከኅዳር በኋላ እኔ ሣሬን ተወው ብዬ አስተኛዋለሁ። ይቅላ። ምን ይሆናል?

ስለ ዩሪያው ከራሴ ጉድ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም እፍኙን ሞክሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መላጣ ላይ አንድ እፍኝ ወርወር አደረግኩ። በሳምንቱ መላጣው ሰፋ። ዳር ዳሩ ላይ የእጄ አበታተን ሳይቀር ታትሞ ነበር፣ አንድ በኩል ወፈር፣ ሌላው በኩል እንደ ጅራት ሾጠጥ ያለ ቡናማ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ሣር በአንድ ጊዜ የሚበቃው 11 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ለመላው ግቢዬ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ። እፍኙን አንድ ቦታ ላይ መድፋት ማቃጠል ነው። ያውም የበግና የውሻ ሽንት ያቃጠለው ቦታ የተቃጠለው በዚሁ በናይትሮጅን መብዛት ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፣ መሐሉ ደርቆ ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። መሐሉ በዝቶበት ሞተ፣ ዳሩ ልክ ስለደረሰው ፋፋ። እዚያ ላይ ዩሪያ መጨመር በቃጠሎ ላይ ጋዝ ነው። የሚያስፈልገው ውሃ ነው፣ በደንብ የሚያጥብ። ዩሪያ መጠቀም ከፈለጋችሁ በመጠኑ፣ ለሚያድገው ሣር፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል በተኑት። ፍግ ግን ይቅር ባይ ነው።

አጨዳ ላይ የምለው አጭር ነው። "እስከ አፈሩ እጨዱ፣ ቶሎ አያድግም" የተባለው ተገላቢጦሽ ነው። ሣር የሚበላው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ሁሉ ስትወስዱበት ሥሩ ካጠራቀመው እያወጣ ይበላል፣ ይደክማል። ፀሐይ አፈሩን ታገኘዋለች፣ ሙጃውም ሌላውም አረም ዕድሉን ያገኛል። ሰርዶ አጭር መሆንን ከሌሎች ይልቅ ይችላል፣ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቆም ቅር አይለውም። ራይግራስ ግን እንዲህ ከላጫችሁት አለቀለት፣ ጸሐፊው በአንድ ጽሑፍ ራይግራስ አስዘርተው በዚያው ጽሑፍ ገደሉት። ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትውሰዱ፣ በቃ። ይሄ ማለት በነሐሴ በየሳምንቱ ወይ በየአሥር ቀኑ ነው፣ በታኅሣሥ ደግሞ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

"ማን ጊዜ አለው?" ትሉኝ ይሆናል። ጽሑፉ በወር አንድ ሙሉ እሑድ ይጠይቃል። እኔ ማጭዴን ስዬ፣ ከአስር በኋላ ቡናው ሲቆላ ቁጢጥ እልና እጀምራለሁ። በግራ እጄ ጨበጥ፣ በቀኝ ሸርከት። አቦሉ እስኪደርስ የግቢው ግማሽ አልቋል። ግማሹን በማግስቱ። የማጭድ አጨዳ እንደ ማሽን እኩል አይወጣም፣ ጭብጥ ጭብጥ ሆኖ ይታያል፣ ለማማር የሚጨነቅ ሰው ማሽን ይከራይ። የታጨደውን የበጎቹ ባለቤት ይወስደዋል። አረሙንም በዚያው ነው የምነቅለው፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ዘር ሳይጥል። ሥራው የሚከብደው ሲከማች ነው እንጂ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ማንንም አይገድልም።

ቀረ ሊሾው። ሰው ሊሾ ለምን እንደሚወድ ይገባኛል። ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ ጭቃ የለውም። እህል ለማስጣትም ይመቻል። ግን ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ ናት። አንድ ጎበዝ የነሐሴ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል የእኔ 40 ካሬ ላይ 1,200 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ስድስት በርሜል። ሣር ሲሆን ብዙው ይሰርጋል፣ የቀረው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሊሾ ሲሆን ስድስቱም በርሜል ከታች ወዳለችው ጎረቤቴ በር ነው የሚሄደው። እሷም ሊሾ ካደረገች አሥራ ሁለት ሆኖ ከእሷ በታች። ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር "አጥሬን ናደብኝ" እየተባባልን ሽማግሌ ስንቀመጥ እንከርማለን። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ሊሾ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል። አክስቴ ራሷ በረንዳዋ ላይ መቀመጥ አቅቷት ወንበሯን ሣሩ ላይ አውጥታ ነው ያንን ጽሑፍ የላከችልኝ። ጠይቄያት ነው የማውቀው።

ሆኖም በአንድ ቦታ ጸሐፊው አሸንፈውኛል። ከበር ወደ ኩሽና ያለውን መንገድ ሁለት ክረምት ታግዬበታለሁ። ቆፈርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፣ ተከልኩ፣ ገመድ ወጠርኩ፣ ልጆቹ ገመዱን እየዘለሉ አለፉ። ሰው የሚሄድበትን መንገድ ሣር አያስቀይረውም። ሊሾ ግን አላደረግኩትም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቼ በእርምጃ ልክ ቀበርኩበት፣ አሥራ አንድ ድንጋይ። ቧንቧው ሥር ያለውን ክብ ደግሞ በጠጠር ሞላሁት፣ እጣቢውም አመዱም ሌላ ቦታ ተፈልጎላቸዋል። ባህር ዛፉ ሥር ምንም አልተከልኩም፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩበት።

ለአክስቴ ይሄን ሁሉ በድምፅ ላኩላት። "እሺ፣ ድንጋዮቹስ መሐል ላይ የበቀለው ምንድን ነው?" አለችኝ። ፎቶ ልኬላት ነበር። ሰርዶ ነው እትዬ። በነሐሴ ነይና እይው።